ፊትና ኋላ የሌላት መርከቤ

ስሜ ትዕግስት ነው። እናቴ ይህን ስም ያወጣችልኝ ገና ሳታውቀኝ መሆን አለበት። ይህችን ታሪክ ለመጻፍ እንኳ ከወንበሬ ስንቴ እንደተነሳሁ የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድባችሁም። አንድ የነሐሴ ማለዳ አክስቴ በውሃ ተከብባ ጣራ ላይ ቀረች። እሷን ለማውረድ አቃቂ ውስጥ የተገኘው ብቸኛ መርከበኛ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ሐይቅም አላየሁም። ቢሾፍቱን ያህል ቅርብ አገር አንድ ጊዜ ሄጄ ነበር፤ ለለቅሶ ሄጄ፣ ንፍሮ በልቼ፣ ሐይቁ በየት በኩል እንደሆነ ሳልጠይቅ ተመለስኩ።

እንዴት መርከበኛ እንደሆንኩ ልንገራችሁ። አሥረኛ ክፍል ጨረስኩ፣ ነጥቡ አልመጣልኝም። ክር ፋብሪካ ገባሁ፤ ከካቦዋ ጋር ተጣልቼ ወጣሁ። ፀጉር ቤት ገባሁ፤ አንዷን ደንበኛ “ይሄ ቀለም ፊትሽን ያስረጀዋል” ብያት በዚያው ወጣሁ። ያኔ ነው አንድ የግንብ አጥር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያየሁት። መርከብ ላይ መሥራት ለሚፈልጉ አጭር ሥልጠና ይሰጣል፣ ሴቶች ይበረታታሉ ይላል። አገራችን ባሕሯን ካጣች ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ግን እሱ አልታየኝም። የታየኝ ነጭ ሸሚዝና ትከሻ ላይ ያለው ወርቃማ መስመር ነው።

ሥልጠናው ቃሊቲ፣ አንድ የብረት መሸጫ ፎቅ ላይ ነበር። ከታች ብረት ሲቆረጥ የእኛ ወለል ይንቀጠቀጣል። አሠልጣኛችን ጋሽ ተሾመ፣ ድሮ ምጽዋ ባሕር ኃይል የነበሩ ሰው፣ “ማዕበል ነው ብላችሁ ልመዱት” ይሉን ነበር። ጀልባ የለም። ውሃ የለም፤ የቧንቧውም ቢሆን በፈረቃ ነው። ገመድ ማሰር የተለማመድነው በመጋረጃ ገመድ ነው። የቀረው ሁሉ ቃል ነበር። የመርከብ ፊቱ ባው፣ ኋላው ስተርን፣ ግራው ፖርት፣ ቀኙ ስታርቦርድ፣ ወጥ ቤቱ ጋሊ፣ ዕቃ የሚጫንበት ሆዱ ሆልድ።

መሸምደድ ደግሞ ለእኔ ተዉልኝ። ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። የምስክር ወረቀቴን አስለብጬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩና “ይደወልልሻል” የተባልኩትን ስልክ መጠበቅ ጀመርኩ።

ስልኩ አልተደወለም። እኔ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ መሬት ላይ መኖር አቆምኩ። የምኖረው ከአክስቴ ከእታገኝ ጋር ነበር። እቴቴ እላታለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ከአቃቂ ወንዝ ወዲህ ባለው ረባዳ ሜዳ ላይ ላሞች አርብታ፣ ወተት ሸጣ።

“እቴቴ፣ ጋሊ ውስጥ የሚበላ አለ?” እላለሁ ከውጭ ስገባ።

“ጋሊሽን ይንቀለውና! ጎመን አለ፣ ብዪ!”

በረቱን ሆልድ አልኩት። አልጋዬን በርዝ አልኩት። ታክሲ ውስጥ “ስታርቦርድ ላይ ወራጅ አለ!” ብዬ ረዳቱ “እህት፣ እኛ ቱሉ ዲምቱ ነው የምንሄደው” አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን የሳቁት ባለማወቃቸው መስሎኝ አዘንኩላቸው። ተመልከቱ እንግዲህ የደረስኩበትን።

ከሁሉ የባሰብኝ ሸምሱ ነበር። ሸምሱ ጎሚስታ ነው፤ አስፋልቱ ዳር የተሳቢ መኪና ጎማ ይጠግናል። ከስልጤ የመጣ፣ ምላሱ ከጎማ መፍቻው የሚበረታ ሰው። ባለፍኩ ቁጥር ከጎማው ቀና ይላል።

“ካፒቴን! ዛሬም ባሕሩ አልመጣም?”

“ይመጣል። አንተ ጎማህን ንፋ።”

መጣ።

የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። ሌሊቱን እኛ ሰፈር ብዙም አልዘነበም፤ ከላይ፣ ከተማው ላይ ነው የዘነበው። የአቃቂ ወንዝ ደግሞ የሌላ ሰፈር ዝናብ ይዞ መምጣት ይወዳል። ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። እዚያም ከአንዷ ጓደኛዬ ጋር ወሬ ይዤ ቆየሁ። ስመለስ ሜዳው የለም። በሜዳው ቦታ ቡናማ ውሃ እየተገለባበጠ ይሄዳል። መሃሉ ላይ የቤታችን ጣራ፣ ጣራው ላይ እቴቴ፣ እቴቴ እቅፍ ውስጥ ደግሞ ዶሮ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እቴቴ ላሞቹን ለመፍታት ብላ ወደ በረቱ ገባች። ላሞቹ ከእሷ የተሻለ ጭንቅላት ስላላቸው እንደተፈቱ ዋኝተው አስፋልቱ ላይ ወጡ። እሷ ለጾም መፍቻ የገዛቻትን ዶሮ ልታመጣ ወደ ቤት ተመለሰች። ውሃው ደጁን ዘጋባት። ጭድ በምትቆልልበት መሰላል ጣራው ላይ ወጣች።

አስፋልቱ በሰው ተሞልቷል። አንድ የቀበሌ ሰው በድምፅ ማጉያ “ኅብረተሰቡ እንዲረጋጋ!” ይላል። እቴቴ ከጣራው ላይ “አንተ ተረጋጋ!” ስትለው እስከ አስፋልቱ ተሰማ። ሰው ሳቀ። እኔም ልስቅ ነበር፤ ግድግዳውን እስካየሁ ድረስ።

ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። የጭቃ ቤት ውሃ ውስጥ ሲቆም ምን እንደሚሆን ስኳር ሻይ ውስጥ ጨምሮ ያየ ሁሉ ያውቃል። የወጥ ቤቱ ግድግዳ ዓይኔ እያየ ቁጭ አለ። ምንም ድምፅ አላሰማም፤ እንደደከመው ሰው ዝም ብሎ ቁጭ። የቀረው ጣራዋን የተሸከመው ግድግዳ ነው። እሱ ከሄደ እቴቴም ሄደች።

“እሳት አደጋ ተጠርቷል” አለ የቀበሌው ሰው።

“የት ደረሱ?”

“ድልድዩ ተዘግቶባቸዋል።”

ሸምሱ አጠገባችን አልነበረም። ዞር ስል ሱቁ ደጃፍ ላይ የተሳቢ ከመነዳሪ በኮምፕሬሰር እየነፋ ነው፤ ያንን ጎማ ውስጥ የሚገባውን ትልቁን የላስቲክ ቀለበት። አራቱን ነፋ። ግርማ ከወፍጮ ቤት ጣውላ ተሸክሞ መጣ። ግርማ ወፍጮ ቤት እህል የሚሸከም፣ በቀን ከሦስት ቃል በላይ የማይናገር ልጅ ነው። ጣውላውን በአራቱ ከመነዳሪ ላይ በጭነት ገመድ ጠፈሩት። መቅዘፊያ አልነበረም፤ ሁለት አካፋ ተገኘ። ረጅም ገመድ አስረው ጫፉን አስፋልቱ ላይ ላሉት ጎረምሶች ሰጧቸው።

ከዚያ ሸምሱ ቀና ብሎ አየኝ። ግርማም አየኝ። ሰፈሩ በሙሉ አየኝ።

“ካፒቴን” አለ ሸምሱ። ፊቱ ላይ ሳቅ አልነበረም። “ባሕሩ መጣልሽ። ውጪ።”

መዋኘት አልችልም። ይህን ሊጠይቀኝ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ የመርከበኛ ምስክር ወረቀት ያላት ልጅ መዋኘት ትችያለሽ ወይ ተብላ አትጠየቅም። እኔም አልተናገርኩም። አክስቴ ናት፤ ደግሞም አፌን እንዴት ልመልሰው? ጫማዬን አውልቄ ጣውላው ላይ ወጣሁ። ወጥቼም ዝም አላልኩ።

“ባው የቱ ጋ ነው?” አልኩ።

“ምኑ?”

“ፊቱ! የመርከቡ ፊት!”

ሸምሱ ጣውላውን ዞር ዞር ብሎ አየው። “አራት ማዕዘን ነው እኮ እህቴ። ፊት የለውም።”

“ፊት የሌለው መርከብ የለም!”

“እንግዲያው የዞርሽበት ይሁን። ቶሎ በይ፣ ሴትዮዋ ልትወድቅ ነው።”

አቀማመጣችንን ልብ በሉልኝ፣ ጥፋቱ ሁሉ ከዚህ ነው የመጣው። እኔ መሃል ላይ ወደ ቤቱ ዞሬ ተንበርክኬያለሁ። ሸምሱና ግርማ አካፋ ይዘው በሁለቱ ጠርዝ ላይ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ተቀምጠዋል። ውሃው ከመስጊዱ በኩል ወደ ወፍጮ ቤቱ ይወርዳል። ከወፍጮ ቤቱ ወዲያ የመንገዱ ቱቦ አለ፤ ጠባብ፣ ውሃውን እያጉረመረመ የሚውጥ። እዚያ ከደረስን አለቀልን።

“ካስት ኦፍ!” ብዬ ጮህኩ።

ገመዱን የያዙት ጎረምሶች ተያዩ።

“ልቀቁ ማለቷ ነው መሰለኝ” አለ አንዱ።

ለቀቁልን፣ ገባን። ውሃው ወዲያው ጎናችንን ያዘና ወደ ወፍጮ ቤቱ ይገፋን ጀመር።

“ፖርት! ፖርት!” አልኩ።

ሁለቱም አካፋቸውን ይዘው አፌን ያያሉ።

“ግራ! ግራ ማለቴ ነው!”

ሸምሱ በግራው ቆፈረ። ግርማ በግራው ቆፈረ። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ሰዎች በየግራቸው ሲቆፍሩ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ምስክር ወረቀት አያስፈልግም። መርከቤ እንደ ምጣድ ክብ ዞረች።

“ቀኝ! ቀኝ!”

በሌላኛው ወገን ዞረች።

“በቀኝ ልቅዘፍ ወይስ ወደ ቀኝ?” አለ ግርማ። የቀኑን ቃል ሁሉ በአንድ ጊዜ ጨረሰው።

“የማን ቀኝ ነው? ያንቺ ነው የእኔ?” አለ ሸምሱ።

“የመርከቡ!”

“መርከቡ እጅ አለው እንዴ?!”

እየዞርን ነው። ቤቱ አለፈኝ፣ አስፋልቱ አለፈኝ፣ መስጊዱ አለፈኝ፣ እንደገና ቤቱ። ከአስፋልቱ ላይ የሚስቅ አለ፣ የሚያለቅስ አለ። እቴቴ ከጣራዋ ላይ ትጮሃለች።

“ትዕግስት! ምን ትዞሪያለሽ? ሠርግ ነው እንዴ? ወደዚህ ነይ እንጂ!”

“እየመጣሁ ነው!”

“እሱማ መምጣት አይደለም!”

ያኔ ነው የጎን ግድግዳው የሄደው። ጣራው በአንድ ወገን ዘመመ። እቴቴ በቆርቆሮው ላይ ተንሸራታ እግሯ ውሃ ነካ፤ በአንድ እጇ የቆርቆሮውን ጫፍ ያዘች። በሌላው እጇ ዶሮዋን እንደያዘች ነው። ከዚያ ዝም አለች።

እኔ እቴቴ ዝም ስትል ሰምቼ አላውቅም። ታማ ትሳደባለች፣ እያንቀላፋች ታጉረመርማለች። ያ ዝምታ ጆሮዬ ውስጥ ሲገባ የሸመደድኩት ሁሉ ከጭንቅላቴ ወጣ። ፖርት የለም፣ ስታርቦርድ የለም፣ ግራ የለም። አፌ ላይ የመጣው መንገድ ለጠፋው እንግዳ የምንለው ነገር ብቻ ነው።

“ወደ መስጊዱ!” ብዬ ጮህኩ። “ሸምሱ፣ ግርማ፣ ወደ መስጊዱ!”

ሁለቱም ቀና አሉ። መስጊዱ አንድ ነው። ከየት ሆናችሁ ብታዩት፣ ወደ የት ብትዞሩ፣ ሚናራው ከቦታው አይነቃነቅም። አካፋዎቹ እኩል ገቡ። መሽከርከሩ ቆመ። ጉልበታቸው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ሆኖ ውሃውን ተጋፋን።

“መስጊድ! መስጊድ! ደግ! አሁን ወደ በረቱ!”

በረቱ ከፊታችን፣ ከቤቱ ጎን ነበር። ዞሩለት።

“በጣም አለፋችሁ፣ ትንሽ ወደ ወፍጮው! ወፍጮ! ወፍጮ! በቃ! መስጊድ!”

ሰው ከሩቅ ሲሰማኝ ታክሲ የምጠራ ረዳት መስዬው ነበር። ገመዱን ለያዙት “ጨምሩ!” እላለሁ፣ ይጨምራሉ። “ያዙ!” እላለሁ፣ ይይዛሉ። ጣውላችን ቆርቆሮውን ገጨው። እጄን ዘረጋሁ።

“እቴቴ፣ ነይ!”

“መጀመሪያ ዶሮዋን!”

“ዶሮዋን ተይያት!”

“ለጾም መፍቻ ያልኳትን?”

“እትዬ እታገኝ፣ እባክዎ ይውረዱ!” አለ ሸምሱ እያላበው። ዶሮዋ አየር ላይ ናት። ግርማ አናት ላይ አረፈች፣ እግሯ የታሰረ ስለሆነ እየተንከባለለች ጭኑ ላይ ወደቀች። ግርማ በጉልበቱ ያዛት።

እቴቴ ግን እጇን ከቆርቆሮው መልቀቅ አቃታት። ትፈልጋለች፤ ጣቶቿ እምቢ አሉ። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አይቼው አላውቅም፤ ትንሽ ልጅ መስላ ነበር።

“እቴቴ፣ ወደ እኔ” አልኳት። ቀስ ብዬ፣ እኔ ራሴ የማላውቀው ድምፅ ወጣኝ። “ወደ እኔ ብቻ። ውሃውን አትዪ፣ እኔን እዪ።”

ለቀቀች። ላዬ ላይ ወደቀች። ከመነዳሪዎቹ ጎንበስ አሉና ውሃው እስከ ወገባችን መጣ፤ ተመልሰው ተነሱ።

“ሳቡ!” አልኩ። ለዚህች ትእዛዝ ትርጉም የጠየቀኝ አልነበረም።

አስፋልቱ ሳንደርስ ከኋላችን ድምፅ መጣ። እኔ አልዞርኩም። ሸምሱ ወደዚያ ዞሮ ስለተቀመጠ ያየው እሱ ነው። “ቤቱ ሄደ” አለ ብቻ።

ስንወጣ እቴቴ በመጀመሪያ ያደረገችው ነገር እኔን በጥፊ መምታት ነው። “እኔ እየተንሸራተትኩ አንቺ ትዞሪያለሽ!” አለችኝ። ከዚያ እጅ አንጓዬን ያዘች። ቀበሌ አዳራሽ ወስደው ብርድ ልብስ ሲሰጡንም ይዛኛለች፣ ሻይ ስትጠጣም በሌላው እጇ ነው። እስከ ማታ አልለቀቀችኝም። የጣቶቿ ምልክት አንጓዬ ላይ ቀርቶ ቆየ፤ ሲጠፋ ከፋኝ።

እዚያው አዳራሽ ሸምሱ አጠገባችን መጥቶ ተቀመጠ። መዳፉ በአካፋው ተልጧል።

“ካፒቴን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን መጀመሪያውኑ ወደ መስጊዱ አላልሽንም?”

ያኔ ነው ጋሽ ተሾመ ያስተማሩን ነገር የመጣልኝ። ፖርትና ስታርቦርድ ለምን ተፈጠሩ? መርከብ ላይ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ዞሮ ይሠራል፤ ግራህ ግራዬ አይደለም። ስለዚህ ሰው ቢዞርም የማይዞር ስም ለጎኑ ተሰጠው። ይህን ፈተና ላይ ጽፌዋለሁ፣ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። ውሃው ላይ ግን ቃሉን የማያውቁ ሰዎች ላይ ቃሉን እየጮህኩ እንደ እንዝርት ተሽከረከርኩ። ቃሉን ይዤው ነበር፤ ለምን እንደተፈጠረ ግን ያገኘሁት ቃሉ ጠፍቶብኝ ስጮህ ነው። ይህን ለሸምሱ ስነግረው ሳቅ ጀመርኩ፣ ሳቄ ለቅሶ ሆነ፣ እቴቴ “ደግሞ ምን ሆነች” ብላ አንጓዬን ጠበቅ አደረገችው።

በኋላ ለጋሽ ተሾመም ሄጄ ነገርኳቸው። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። “እኛም ምጽዋ በገባን ሰሞን ‘ወደ ደሴቱ፣ ወደ መብራቱ’ ነበር የምንባባለው” አሉ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሩ። በዚያ በኩል የሚታየው ቆርቆሮ ብቻ ነው፤ እሳቸው ግን ረጅም ጊዜ አዩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስልክ መጠበቅ ተውኩ። ባሕሩን ጠልቼ አይደለም። ለእኔ የሚሆን መሬት ላይም ሥራ እንዳለ ስለገባኝ ነው። ቂሊንጦ የፋብሪካ ሼድ ሲሠራ በቀን ሠራተኝነት ገባሁ፤ ዛሬ ክሬን ብረት ሲያነሳ ከታች ቆሜ ለኦፕሬተሩ ምልክት የምሰጠው እኔ ነኝ። ኦፕሬተሩ ከላይ ሆኖ የሚያየኝ ፊት ለፊት ነው፤ ቀኜ ለእሱ ግራ ነው። ታዲያ ጠዋት ጠዋት ብረት ከመሬት ሳይነሳ በፊት ሁሉንም ሰብስቤ ስም እናወጣለን፤ ይሄ የበሩ በኩል፣ ያ የሲሚንቶው በኩል። አዲስ የመጣ ሁሉ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ስሙን በአፉ ሳይደግምልኝ ግን ከብረቱ ሥር አላስቆመውም። አንድ ጊዜ በዚህ ጉዳይ ከአለቃዬ ጋር ተጣልቻለሁ፤ ሥራዬን ግን አልለቀቅኩም፤ ለእኔ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እናንተ ደግሞ ይህን የምታነቡ፣ አዋቂ አትሁኑ እያልኩ አይደለም። ቃል ተማሩ፣ የፈለጋችሁትን ያህል። ግን ሰው በእናንተ ቃል ተንጠልጥሎ በሚቆምበት ሰዓት ፊቱ ወዴት እንደዞረ መጀመሪያ እዩለት።

ልጨርስላችሁ ስል ስልኬ ጮኸ። እቴቴ ናት። ከአዲሱ ቤቷ፣ ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም። ትናንት ስላልመጣሁላት ሰደበችኝ፣ ስለ ፀጉሬ ሰደበችኝ፣ ለምን ዝም እንደምል ጠይቃ እሱንም ሰደበችው። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ እስኪበቃት ሰማኋት።